ጭቃን በትንሽ ሎደር ማንሳት፦ ለጅማ ክረምት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ላይ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ብቻ አይደለም። ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ይጀምራል፤ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ይህ ሁሉ ውሃ ከጅሬን ተዳፋት ወርዶ ወደ አዌቱ ወንዝ ሲሮጥ ባዶ እጁን አይመጣም። ቀዩን አፈር ተሸክሞ ይመጣል። የሚያራግፈው ደግሞ እግረኛ መንገድ ላይ፣ ኮብልስቶን ላይና የግቢ በር ላይ ነው።

ይህን ጭቃ በአካፋና በጋሪ ማንሳት ይቻላል፤ ስንሠራው የኖርነውም እንደዚያ ነው። ጭቃው ሲበዛ ግን የሰው ጉልበት ያልቃል፣ ሥራው ይጓተታል፣ መሃል ላይ ሌላ ዝናብ ይመጣል። ትንሽ ሎደር፣ ማለትም ከፊቱ በተገጠመ ባኬት (ትልቅ የብረት ማንሻ) አፈር የሚያነሳ ማሽን፣ የሚያዋጣው እዚህ ጋ ነው። ማሽኑ ጠባብ በር ይገባል፣ እግረኛ መንገድ ዳር ይሠራል፣ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚደክምበትን በአጭር ጊዜ ይጨርሳል።

ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ማሽን ብትፈልጉ የምታገኙት ትምህርት አብዛኛው ስለ በረዶ ነው። ካናዳና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ክረምት ሲገባ ከእግረኛ መንገድና ከመኪና መግቢያ ላይ በረዶ የሚጠርጉት በዚሁ ማሽን ነው። ከዚያ ትምህርት ለእኛ የሚሆን ብዙ አለ። እንዳለ ከተወሰደ ግን ጅማ ላይ ማሽን የሚገለብጥም አለበት። የትኛው ይሠራል፣ የትኛው አይሠራም የሚለውን በየቦታው እነግራችኋለሁ።

መመሪያው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ማሽን ተከራይቶ ጭቃ የሚያስነሳው ነው፦ የሆቴል ባለቤት፣ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ፣ ገንዘብ አዋጥቶ የሚሠራ የሰፈር ኮሚቴ። ሌላው ሊቨሩን (የማሽኑን መንጃ ዘንግ) የሚይዘው ኦፕሬተር ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ላስይዛችሁ። ሎደር ጭቃ ያነሳል እንጂ ጭቃ አያስቆምም። ጭቃውን የሚያመጣው ውሃ ነው። ውሃው መሄጃ ካላገኘ ዛሬ ያነሳችሁት ነገ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የውሃውን መንገድ ስለማስከፈት ነው።

ስለየትኛው ማሽን ነው የምናወራው?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ኦፕሬተሩ ከኋላው ቆሞ ወይም እየተከተለ የሚነዳው ነው። ስፋቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱም እንደ ሞዴሉ ከ700 ኪሎ እስከ አንድ ቶን ተኩል ይደርሳል። ሁለተኛው ኦፕሬተሩ ውስጡ ተቀምጦ የሚነዳው፣ ሰው ሁሉ ቦብካት የሚለው ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ስፋቱም ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ነው። ለግቢ በርና ለእግረኛ መንገድ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ለመንገድ ዳርና ለሰፊ ግቢ ይሻላል።

ሁለቱም አዟዟራቸው አንድ ነው። እንደ መኪና የፊት ጎማ አያዞሩም። በአንድ በኩል ያሉት ጎማዎች ከሌላው ወገን ፈጥነው ሲሄዱ፣ ወይም ወደ ኋላ ሲሽከረከሩ ማሽኑ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ጎማው መሬቱን ወደ ጎን ይፍቀዋል። ይህን ያዙልኝ፤ ኮብልስቶን ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

የማሽኑ ታሪክም ለእኛ ሥራ ቅርብ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ውስጥ ሲረል እና ሉዊስ ኬለር የሚባሉ ወንድማማቾች ለአንድ ተርኪ አርቢ ሦስት ጎማ ያለው ትንሽ ሎደር ሠሩለት። አርቢው የሚፈልገው ትልቅ ትራክተር ከማይገባበት ቤት ውስጥ ፍግ የሚያወጣለት ነገር ነበር። አራት ጎማ ያለው በ1960 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ማሽኑ ከጥንቱም የተፈጠረው እርጥብና ከባድ ነገር ከጠባብ ቦታ ለማውጣት ነው ማለት ነው። በረዶው በኋላ የመጣ ነው።

ጭቃ በረዶ አይደለም፦ የክብደት ነገር

ብዙ አደጋ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ትንሽ ቆም እንበል።

አዲስ የወረደ በረዶ በጣም ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል። እርጥብና የተጠቀጠቀው 400 ወይም 500 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ውሃ የጠጣ ጭቃ ግን በሜትር ኩብ ከ1,600 እስከ 1,900 ኪሎ ነው።

ይህን በአንድ ባኬት እናስላው። የትንሹ ሎደር ባኬት 0.15 ሜትር ኩብ ይይዛል እንበል። አዲስ በረዶ ሞልታችሁ ብታነሱ ቢበዛ 15 ኪሎ ነው። ያንኑ ባኬት ጭቃ ብትሞሉት ግን 255 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ከትንንሾቹ ሎደሮች አንዳንዶቹ የማንሳት አቅማቸው 230 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ ባኬቱን ጢም አድርጎ ሞልቶ እየሮጠ የሚሄደውን ኦፕሬተር አይታችሁ እንደሱ ላድርግ አትበሉ። እሱ የያዘው ሌላ ነገር ነው።

ማሽኑ ላይ የተጻፈው አቅም እንዴት እንደሚወጣም ማወቅ ይጠቅማል። ማሽኑ ወደ ፊት የሚደፋበት ክብደት ይለካል። በጎማ ለሚሄደው የዚያ ግማሽ፣ በሰንሰለት ለሚሄደው 35 በመቶው የተፈቀደ አቅም ተብሎ ይጻፋል። ልኬቱ የሚወሰደው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ነው። የጅማ ቁልቁለትና ማጥ እዚያ ስሌት ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ለጭቃ ባኬቱን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሙሉት። በላዩ ላይ ውሃ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀንሱ፤ ባኬት ውስጥ የሚዋልል ውሃ ማሽኑን ያናውጠዋል።

ለቀላል ነገር ተብሎ የተሠራ ትልቅ ባኬትም አለ። አከራዩ “ይሄ ብዙ ይይዛል” ብሎ ቢያመጣላችሁ ለጭቃ አትቀበሉት። ትንሹን አስቀይሩ።

ሌላው ቀዩ አፈራችን ተጣባቂ መሆኑ ነው። ባኬቱ ሲደፋ ሁሉም አይወርድም። ከሥር የሚቀረው እየተደራረበ ሄዶ ባኬቱን ያጠበዋል፤ ክብደቱም አብሯችሁ ይመላለሳል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ባኬቱን በውሃ አርሱት። በመሃል እየቆማችሁ የተጣበቀውን በአካፋ አስለቅቁ። ይህ የሚሠራው ባኬቱ መሬት ላይ ወርዶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ከፍ ባለ ባኬት ሥር ገብቶ መፋቅ ፈጽሞ አይሞከርም።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት

ማሽን የሚከራየው በሰዓት ነው። ሰዓቱ መቁጠር ከጀመረ በኋላ “ጭቃውን የት እንድፋው?” ብሎ መመካከር ገንዘብ ማቃጠል ነው። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ቦታውን በእግራችሁ ዙሩት። ኦፕሬተሩ አብሮ ቢዞር በጣም ጥሩ ነው።

መጀመሪያ የምታዩት የቦይ ክዳኖችን ነው። በጅማ ብዙ ቦታ እግረኛ የሚሄድበት መንገድ ከሥሩ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው፤ ላዩ የተደረደረ የኮንክሪት ክዳን ነው። ክዳኑ የተሠራው ለሰው እግር ነው። ትንሹ ሎደር ብቻውን አንድ ቶን ነው እንበል። ባኬቱ ሲሞላ ከማሽኑም ከጭቃውም ያለው ክብደት አብዛኛው ወደ ፊት ሁለት ጎማዎች ይሄዳል። ክዳኑ ይሰበራል፤ ማሽኑም ቦይ ውስጥ ይቀራል። ጭቃ የለበሰ ክዳን ደግሞ ከመሬቱ አይለይም። ስለዚህ በዱላ እየነካካችሁ ክዳኑ ከየት እስከ የት እንደሆነ ለዩና ዳርና ዳሩን በኖራ ወይም በካስማ ምልክት አድርጉ። ቦይ መሻገር ያለበት መኪና እንዲያልፍበት ተብሎ በተሠራ የግቢ መግቢያ ላይ ብቻ ነው። ክዳን ላይ ጣውላ አንጥፎ ማሳለፍን አልመክርም። ጣውላው ክብደቱን በደንብ ስለማከፋፈሉ ማረጋገጫ የለም፤ ሲረጥብም ያንሸራትታል።

ከዚያ ቧንቧ። ከዋናው መስመር ወደ ግቢ የሚገባው የውሃ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም፤ የሚያልፈውም ልክ በሩ ሥር ነው። የቆጣሪ ሳጥኑን ፈልጉና ቧንቧው በየት በኩል እንደሚሄድ ገምቱ። የቤቱን ባለቤት ጠይቁ፤ ያስቀበረው ሰው ያስታውሳል። የስልክና የኢንተርኔት መስመርም አትርሱ።

ቀና ብላችሁም እዩ። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው የመብራት መስመር አንዳንድ ሰፈር ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። ገልባጭ መኪና ላይ ለመጫን ባኬቱ ከፍ ሲል መስመሩን ሊነካ ይችላል። የመጫኛ ቦታችሁ ከመስመር ሥር አይሁን።

በመጨረሻ የመድፊያው ቦታ። በበረዶ አገር የተጠረገውን አንድ ጥግ ላይ ቆልለው ይተዉታል፤ ጸሐይ ስትወጣ ቀልጦ ይሄዳል። ጭቃ አይቀልጥም። የቆለላችሁትን የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ይመልስላችኋል። ስለዚህ የሚጭነው መኪና አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ የሚደፋበትም ቦታ ከከተማ አስተዳደሩ ጋር ይነጋገሩበት።

ጭቃውን ወደ ቦዩ መግፋት ግን አይደረግም። ቀላል መስሎ ስለሚታይ ይህን ደግሜ እላለሁ። ቦይ ውስጥ የገባ ጭቃ ታች ያለው ጎረቤት በር ላይ ይወጣል። ካልወጣም አዌቱ ይገባል። አዌቱ ወርዶ ከግልገል ጊቤ ጋር ይገናኛል፤ ግልገል ጊቤ ላይ ደግሞ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ አለ። ደለል ግድብ ውስጥ ውሃ የሚይዝበትን ቦታ ይበላል። ከእናንተ በር የተገፋው አፈር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው በሩ ላይ ያለውን ሲገፋ ትንሽ አይሆንም።

በጎማ ወይስ በሰንሰለት? ከፊትስ ምን ይገጠም?

መሬቱ ኮብልስቶን፣ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ከሆነ በጎማ የሚሄደው ይበቃል። ገና ያልተነጠፈ፣ የሚውጥ ሰፈር ከሆነ በላስቲክ ሰንሰለት የሚሄደው ይሻላል። ሰንሰለቱ ክብደቱን ሰፋ ባለ ቦታ ስለሚያሳርፍ ቶሎ አይሰምጥም። ጉዳቱ ድንጋይና ጭቃ ሰንሰለቱ ውስጥ መጠቅጠቁ ነው። በየመሃሉ ማጽዳት ይጠይቃል።

ከፊት የሚገጠመውን በተመለከተ፣ ጥርስ ያለው ባኬት ለቁፋሮ ነው። ኮብልስቶን ላይ ጥርሱ በድንጋዩ መሃል ገብቶ ይነቅለዋል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ባኬት ጠይቁ። ገፊ ምላጭ ከተገኘ፣ በተለይም ወደ ግራና ቀኝ የሚያጋድል ከሆነ፣ ቀጭን ጭቃን ወደ አንድ ወገን ለመሰብሰብ ግሩም ነው። በረዶ ጠራጊዎች የመንገዱ ንጣፍ እንዳይጎዳ ከምላጩ ሥር ወፍራም ላስቲክ ያስራሉ። ይህ ለእኛም በጣም ይሠራል። ብረት የሚሠራ ወርክሾፕ ወፍራም ላስቲክ ቆርጦ በብሎን ሊያስርላችሁ ይችላል። ላስቲኩ የኮብልስቶኑን ወጣ ገባ እየተከተለ ቀጭኑን ጭቃ ይጠርጋል፤ ድንጋዩንም አይነቅልም።

የሚሽከረከር ብሩሽ በረዶ ላይ ሲሠራ ደስ ይላል። እርጥብ ቀይ አፈር ላይ ግን ጭቃውን ቀብቶት ይሄዳል። ብሩሹ ጥሩ የሚሆነው ጭቃው ከተነሳ በኋላ፣ የቀረው ትንሽ ደረቅ ሲል ነው። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ደግሞ አቧራ እንዳያስነሳ ውሃ ይረጭበት።

የሥራው ቀን

ሰዓቱን ምረጡ። በእኛ አገር ክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ወይም 3 ሰዓት ላይ የሌሊቱ ውሃ ትንሽ ወርዷል፤ ጭቃውም ገና አልደረቀም። ከሁሉም የሚሻለው ያ ሰዓት ነው። በጣም ቀጭን ከሆነ ከባኬቱ ግራና ቀኝ ይፈሳል። ደርቆ ጡብ ከሆነ ደግሞ ለመላቀቅ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበት ሲበዛ ንጣፉ ይነሳል። ሂርማታ አካባቢ ከሆናችሁ በገበያ ቀን አትሞክሩት። ሰው፣ ጋሪና ባጃጅ ባለበት ማሽን ማዞር አይቻልም።

ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሞተር ዘይት፣ የሃይድሮሊክ ዘይት፣ የራዲያተር ውሃና ናፍጣ ይታያሉ። የሃይድሮሊክ ቱቦዎች ላይ የሚያልብ ቦታ ካለ ይፈተሻል፤ ግን በእጅ አይዳሰስም። በግፊት የሚወጣ ዘይት ቀጭን ቢሆንም ቆዳ በስቶ ይገባል፤ የገባበት ሰው በዚያው ሰዓት ሐኪም ያስፈልገዋል። ለመፈተሽ ቁራጭ ካርቶን ተጠቀሙ። የባኬቱ መቆለፊያ ፒኖች ሁለቱም እስከ መጨረሻው መግባታቸውን በዓይን አረጋግጡ። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ጥቂት ደቂቃ ሳትጭኑት ይሥራ።

ማሽኑን የሚነዳው ለልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር ይሁን። “ባጃጅ እነዳለሁ፣ ይሄ ምን ይከብዳል?” የሚል የሰፈር ልጅ አይጠፋም። ሊቨሩ በጣም ቶሎ ይመልሳል፤ ልምድ የሌለው ሰው ሲደነግጥ ጭራሽ ይጨብጠዋል።

አንድ ረዳት ያስፈልጋል። ሥራው አካፋ መያዝ ብቻ አይደለም። ዋናው ሥራው ልጆችን ማራቅ ነው። ማሽን በመጣበት ልጅ ይሰበሰባል፤ ይህ ማሽን ደግሞ ወደ ኋላ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል፤ ኦፕሬተሩም ኋላውን በደንብ አያይም። ረዳቱ ኦፕሬተሩ በሚያየው ቦታ ይቁም፤ በእጅ ምልክት ይግባቡ።

አንደኛ፣ ውሃውን አስወጡት

ባኬቱ መሬት ሳይነካ በፊት የተኛውን ውሃ መንገድ ስጡት። በዶማ ቀጭን መውረጃ ቅደዱለት። የተዘጋ የቦይ አፍ ካለ ክፈቱት። ቦዩ ውስጥ ያለው ደለል የሎደሩ ሥራ አይደለም፤ ባኬቱ እዚያ አይገባም። ሁለት ሦስት ሰው ቦት ጫማና ጓንት አድርጎ በአካፋ ያወጣዋል። ከቦዩ አፍ አንድ ሜትር ያህል አርቆ ይቆልለዋል፤ ሎደሩ ኋላ መጥቶ ያነሳዋል። በቦዩ ውስጥ ጠርሙስና የቤት ፍሳሽ ስለማይጠፋ ያለ ጓንት አይገባም። ሲጨርሱ እጅና እግር በሳሙና ይታጠባል።

ውሃው ከወጣ በኋላ ጭቃው በራሱ ትንሽ ይጠነክራል። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያዋጣል። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ይህን ብትጨርሱት ደግሞ የሚከፈልበት ሰዓት አይባክንም።

ሁለተኛ፣ ከበሩ ጀምሩ

ትልቁ ዘዴ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቀጥታ ከበረዶ ጠራጊዎች የመጣ ነው። ወደ በሩ እየገፋችሁ አትምጡ። ከገፋችሁ ጭቃው በበሩ ሥር ገብቶ ግቢ ውስጥ ይቆለላል፤ የበሩ ማጠፊያም ይጎዳል። ባኬቱን ከፍ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ በሩ ቅረቡ። አንድ ክንድ ያህል ሲቀር ቁሙ። ባኬቱን አውርዱና ጠርዙ መሬት ይንካ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ጎትቱት። ጭቃው ከበሩ ይርቃል። ሦስት አራት ሜትር ከሳባችሁት በኋላ ከፊቱ ዞራችሁ ወይም ከጎን መጥታችሁ ታነሱታላችሁ። ከበሩ ሥር የቀረችው በአካፋ ትሰበሰባለች።

ስትጎትቱ ባኬቱን በኃይል መሬት ላይ አትጫኑት። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ከተነሱ አብዝታችኋል ማለት ነው። ወደ ኋላ በመጎተት ላይ የሚመጣ ከባድ ጫና የባኬቱን ሲሊንደርና መቆለፊያ ይጎዳል። ሊቨሩ ላይ ፍሎት የሚባለው ቦታ ካለ እሱን ተጠቀሙ። ባኬቱ በራሱ ክብደት ብቻ መሬቱን እየተከተለ ይሄዳል።

መግቢያው ጠጠር የለበሰ ከሆነ ጠርዙን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ። ትንሽ ጭቃ ይቀራል፣ ይቅር። ሁሉንም ለማንሳት ስትሉ በገንዘብ የገዛችሁትን ጠጠር ጭናችሁ ትልካላችሁ።

ሦስተኛ፣ እግረኛ መንገዱ

ክዳን የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ የተነጠፈ እግረኛ መንገድ ከሆነ ሎደሩ ሊወጣበት ይችላል። ከርብስቶኑን (የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ) የሚወጣው ዝቅ ባለበት ቦታ ነው። ከፍ ባለው ላይ በግድ ከወጣ ድንጋዩ ይነቃነቃል፤ ማሽኑም ያዘነብላል። ቀጥ ባለ መስመር ሂዱ። አንዱን መስመር ስትጨርሱ ቀጣዩን አንድ ስንዝር ደርባችሁ ጀምሩ። ባኬቱ ወደ ፊት በጣም አያጋድል፤ ወለሉ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ጥሩ ነው። አፍጢሙ ሲደፋ ድንጋይ ይቆፍራል።

አሁን ስለ መዞር። ማሽኑ ባለበት ቆሞ መዞር ይችላል፤ ስለሚችል ግን ሁልጊዜ አይዞርም። ጎማው ወደ ጎን ሲፍቅ ኮብልስቶኑ ከአሸዋው ይላቀቃል። ዝናብ የጠጣ አሸዋ ላይ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይባስ። ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያላችሁ ቀስ በቀስ አዙሩት። ጊዜ ይወስዳል፤ የተነቀለ ኮብልስቶን መልሶ ከማንጠፍ ግን ያንሳል።

ክዳን ባለበት መንገድ ሎደሩ አስፋልቱ ላይ ይቆይ። ሰዎች ከክዳኑ ላይ በአካፋ ወደ አስፋልቱ ዳር ያወርዱለታል፤ እሱ ከዚያ ይሰበስባል። ዛፍ ከተተከለ ግንዱ ሥር ጭቃ አይቆለል። በኮሪደር ልማት የተሠሩ መንገዶች ላይ ደግሞ የመብራት ምሰሶና የሣር ዳር ስላለ፣ እዚያ አካባቢ በማሽን ከመቅረብ በእጅ መጨረስ ይሻላል።

አራተኛ፣ ማንሳትና መጫን

የሰበሰባችሁትን ክምር ቀጥ ብላችሁ ግቡበት። በአንድ ጥግ ብቻ ከገባችሁ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ባኬቱ ሲሞላ ወደ ራሳችሁ አጋድሉት፤ ከዚያ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ሂዱ። ባኬት ከፍ አድርጎ መጓዝ ይህን ማሽን ለመገልበጥ አጭሩ መንገድ ነው። ከፍ የሚለው መኪናው ጎን ከደረሳችሁ በኋላ፣ መሬቱ ደልዳላ ሆኖ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ደግሞም ትንሹ ሎደር የትልቅ ገልባጭ ጎን ላይ ላይደርስ ይችላል። ይህን አስቀድማችሁ ለኩ። ካልደረሰ ጎኑ ዝቅ ያለ መኪና ፈልጉ።

ቁልቁለት ላይ ሕጉ አጭር ነው፦ ከባዱ ወገን ሁልጊዜ ወደ ዳገቱ ይዙር። ባኬቱ ባዶ ሲሆን ከባዱ የኋላው ነው፤ ስለዚህ ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው። ባኬቱ ሲሞላ ከባዱ የፊቱ ይሆናል፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጎ ይወጣል፤ ሲወርድም ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ ይወርዳል። ተዳፋቱን አግድም ማቋረጥ ወይም እዚያ ላይ መዞር አይደረግም። እንደ ጅሬን ባለ ተዳፋት ሰፈር የሚሠራ ኦፕሬተር ይህን በእንቅልፉም ማወቅ አለበት።

እንደምንም ተብሎ ባኬቱ የመብራት መስመር ከነካ ኦፕሬተሩ ማሽኑ ላይ እንዳለ ይቆይ፤ መሬትና ማሽን በአንድ ጊዜ አይንካ። ማንም አይጠጋ። መብራት ኃይል ተደውሎ መስመሩ እስኪቋረጥ ይጠበቅ።

ማሽኑ ከሰመጠ ጎማውን አታሽከርክሩ፤ ይበልጥ ይቆፍራል። ባኬቱን ባዶ አድርጉ፤ ቀስ ብላችሁ በመጣበት መንገድ መልሱት። እምቢ ካለ ከጎማው ሥር ድንጋይና ጠጠር አስገቡ።

የተነሳው አፈርና የማሽኑ እጥበት

ከመኖሪያ ግቢ በር የተነሳ ንጹሕ ቀይ አፈር ዝቅ ያለ ቦታ ለመሙላት ይሆናል። ከጋራዥ ፊት የተነሳው ግን ዘይትና ናፍጣ ስላለበት ለጓሮ አትክልትም ለቡና ችግኝም አይሁን። ፕላስቲኩን ለቅማችሁ ለዩት። ቦዬ ረግረግ ወይም አዌቱ ዳር መድፋት ደግሞ ያው ወደ ውሃው መመለስ ነው።

ማሽኑ በዚያው ቀን ይታጠብ። ቀይ አፈር ሌሊቱን ካደረ በማግስቱ በመዶሻ ካልሆነ አይለቅም። በተለይ ሰንሰለቱ ውስጥ፣ በክንዶቹ መጋጠሚያና በራዲያተሩ ፊት ያለው። ራዲያተሩ ላይ ኃይለኛ ውሃ በቅርብ አትልቀቁ፤ ክንፎቹ ይታጠፋሉ። ከታጠበ በኋላ መጋጠሚያዎቹ ግሪስ ይደረግላቸው። ጭቃና ውሃ የድሮውን ግሪስ አስወጥቶታል፤ ይህን መዝለል ፒን ይበላል።

የእጥበቱ ውሃ ወዴት እንደሚሄድም እዩ። አሁን ያጸዳችሁት ቦይ አፍ ላይ ማሽን ማጠብ ድካሙን መመለስ ነው።

ከዝናቡ በኋላ

ሥራው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃውን ተከተሉት። ባኬቱ በሄደባቸው መስመሮች ዳር ቀጭን የጭቃ ጠርዝ ይቀራል፤ በዓይን አያስታውቅም። ውሃው ግን ያገኘዋል፤ እዚያ ጋ ይቆማል ወይም ወደ በሩ ይዞራል። ያን ቦታ በአካፋ ቁረጡለት። ውሃው የቆመበት ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ ምልክት አድርጉበት፤ ሲደርቅ ጠጠር ይሞላበታል።